«አስታማሚ ውጪ ይጠብቅ» ማለት ያቆምኩበት ምክንያት

ዛሬ እንደ ሌላው ጊዜ «ይህን ብሉ፣ ያንን አትብሉ» ብዬ አላልፍም። አንድ አቋም ይዤ ነው የመጣሁት። የሙያ ጓደኞቼ ላትስማሙበት ትችላላችሁ፣ ግድ የለም። ከዚህ በታች ያለው ታሪክ እውነት ነው፤ የሰዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ግን ዕድሜና አንዳንድ ዝርዝር ሆን ብዬ ቀይሬዋለሁ።

መቱን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ በጅማ ወይም በነቀምት ዞራችሁ፣ በበደሌ አልፋችሁ የምትደርሱባት፣ ዝናብ የማይጠግባት የኢሉባቦር ከተማ ናት። ቡናው ከጫካ ይለቀማል፣ ማሩ ከጫካ ይቆረጣል፣ የሶር ፏፏቴ ቅርብ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደዚህ አካባቢ ስመጣ የጠበቅኩት ወባ፣ ሳንባ ምችና ወሊድ ነበር። እነሱም አሉ። ግን በየተራዬ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ስኳር ነው።

አንድ ቀን የ9 ዓመት ልጅ አባቷ በጀርባው አዝሎ አመጣት። ከስታለች። አባትየው እንደነገረን ለሁለት ሳምንት ውሃ ጠጥታ አልረካ ብላለች፣ ካቆመች ዓመታት የሆናትን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምራለች። አንዴ ወባ ነው ተብላ፣ አንዴ ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ወስዳለች። እኛ ጋ ስትደርስ ታስመልሳለች፣ ሆዷን ያማታል፣ ሯጭ ይመስል በጥልቀት ነው የምትተነፍሰው። ጣቷን ወጋ አድርገን ስኳሯን ስንለካ መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ሃይ» ብሎ ጻፈ። ታይፕ 1 ስኳር፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን ማምረት ስላቆመ ደሟ ወደ አሲድነት ሄዷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም፣ ወላጆች ይህን ያዙልኝ። ልጅ ብዙ ውሃ ከጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ እየበላ ከከሳ፣ የትኛውም ጤና ጣቢያ ሂዱና «ስኳሩን ለኩልኝ» በሉ። የደቂቃ ሥራ ነው። ደግሞ ይህኛው ዓይነት ስኳር ከረሜላ በመብላት የመጣ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን አምራቹን ክፍል ስለሚያጠፋው የሚመጣ ነው። የናት ጥፋት አይደለም፣ የአባትም አይደለም።

ልጅቷ ዳነች። በፈሳሽና በኢንሱሊን ቀን ከሌሊት ተይዛ፣ በሳምንቷ ዋርድ ውስጥ ስትሮጥ ነርሶቹ ይቆጧት ጀመር። የምትወጣ ቀን አባቷን ወደ ክፍሌ አስገባሁ። እንደተማርኩት አስረዳሁ፦ ጠዋት ይህን ያህል፣ ማታ ይህን ያህል፣ ሰዓቱ እንዳያልፍ፣ መርፌው እንዳይቋረጥ፣ ከተቋረጠ ትሞታለች። አፋን ኦሮሞዬ ያኔ ገና ሰላምታ ላይ ስለነበር በአማርኛ ነው ያወራሁት፤ አባትየው የገበያ አማርኛ ይሰማሉ። «ገባዎት?» አልኳቸው። «አዎ ዶክተር፣ ገብቶኛል» አሉ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ከበሩ ውጪ ግን የ13 ዓመት እህቷ ፌስታል ይዛ ቆማለች። ልትገባ ስትል እኔ ነኝ «አስታማሚ ውጪ ይጠብቅ» ያልኩት። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ልማድም ነው። ሁላችንም የምንለው ነገር ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ንጋት ላይ፣ ያቺው ልጅ ተመልሳ መጣች። አሁን በላብ ርሳለች፣ ብትጠራ አትሰማም፣ ጥርሷን ነክሳለች። ስኳሯ 31። ጤነኛ ሰው ከ70 በታች እምብዛም አይወርድም። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጠናት፣ ከደቂቃዎች በኋላ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ጠራች። እኔም ተንፈስ አልኩ። ዞር ስል እህትየዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ አሁንም ውጪ፣ አሁንም ማንም ግቢ ያላላት። ነርሷን በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ነርሷ ዝም ብላ ቆይታ ተረጎመችልኝ፦ «እኔ ነኝ የወጋኋት፤ ገድያታለሁ ወይ?» ነው ያለችው።

ለካ ቤት ውስጥ መርፌ የምትወጋው እሷ ናት። አባትየው ሲሪንጁ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች አያነቡም፣ እናት ደም ማየት አትችልም። ስድስተኛ ክፍል የደረሰችው እሷ ብቻ ስለሆነች ኃላፊነቱ እሷ ላይ ወደቀ። ያን ማታ ትንሿ ሆዴን አመመኝ ብላ እራት ሳትበላ ተኛች። እህትየዋ ደግሞ ከአባቷ የሰማችው «ሰዓቱ እንዳያልፍ» የሚለውን ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ላይ እያለች ሙሉውን መጠን ወጋቻት። ኢንሱሊን ገብቶ ምግብ ካልገባ ስኳር እንደሚወርድ፣ ሲወርድም ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር እንደሚመጣ የነገራት የለም። ልናገረው የሚገባኝ ሰው እኔ ነበርኩ፣ የነገርኩት ግን ለተሳሳተው ሰው፣ በተሳሳተው ቋንቋ ነው። የሰጠሁት ትምህርትም ግማሽ ነበር። በመርፌ መቅረት አስፈራርቼ ስለ ስኳር መውረድ ትንፍሽ አላልኩም።

አቋሜ እንግዲህ ይኼ ነው። የስኳር ሕክምና ለአንድ ሰው ብቻ እየሰጠን ከቀጠልን ግማሹን ብቻ ነው የምንሠራው። ስኳር ያለበት ሰው ዶክተር ጋ የሚገናኘው ቢበዛ በወር አንዴ፣ ለአሥር ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሐኪሙ ቤተሰቡ ነው። የሚወጋው፣ የሚያበስለው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ሌሊት ሲያልበው የሚያየው ክፍላችን ውስጥ መግባት አለበት። ክፍሉ ጠባብ ነው? እንጣበብ።

ደግሞ ያ «ቤተሰብ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት። በቀጠሮ ቀን ካርዱን የያዘው ማን እንደሆነ እስቲ ልብ በሉ። ሚስት፣ የልጅ ሚስት፣ ትልቋ ልጅ። ባል ታሞ ሚስት ምግቡን፣ ክኒኑን፣ የእግሩን ቁስል ትከታተላለች። ሚስት ስትታመም ግን ብዙ ጊዜ ብቻዋን ነው የምትመጣው፣ ያውም ሥራዋን ጨርሳ። ይህን ስል ወንዶች እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ፤ እኔም የማየውን ነው የምጽፈው።

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ፣ ትልቁ ጭቅጭቅ እዚያ ነው። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ስኳር አለብህ ሲባል የመጀመሪያው ነገር የእሱ ድስት መለየቱ ነው። ለእሱ ሌላ ወጥ፣ ሌላ ዳቦ፣ ሌላ ሣህን። በቅን ልቦና ነው የሚደረገው። ግን ሰውየው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል፣ ሚስትየዋ ሥራዋ እጥፍ ይሆናል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለቱም ይሰለቹና ነገሩ ይቀራል። ሌላም ጣጣ አለው፦ ታይፕ 2 ስኳር በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው፣ ስለዚህ የአባትየው ምግብ ለልጆቹም የሚበጅ ምግብ ነው። ድስቱን ከመለየት የሁሉንም ድስት መቀየር ይቀላል።

እና ምን ይበላል? ብዙ ሰው «ጤፍ ብቻ ብላ ተብያለሁ» ብሎ ኪሱን ያራቁታል። በቆሎና ጎደሬ በጓሮው ያለ የኢሉባቦር ገበሬ ስኳር ያዘው ተብሎ በዚህ ዋጋ ጤፍ ፍለጋ ገበያ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ጤፍም ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ወደ ስኳር የሚቀየር እህል ነው፤ ሁለት ትልልቅ እንጀራ ሁለት ትልልቅ እንጀራ ነው። ቁም ነገሩ መጠኑና ጓደኛው ነው። ገንፎውን ወይም ቂጣውን አሳንሱ፣ ጎመኑን፣ ባቄላውን፣ ሽሮውን አብዙ። ከተቻለ ከሁሉም በፊት ጎመኑ ይበላ። በቃ።

ቡናን በተመለከተ ደግሞ እዚህ አገር ተቀምጬ ቡና አትጠጡ ብል ከተማው ያባርረኛል። ቡናው ራሱ ችግር የለበትም፣ ችግሩ ሲኒ ውስጥ የሚገባው ስኳር ነው። አብረን እንደምር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ስድስት ሆነ። በቀን ሁለቴ ከተፈላ አሥራ ሁለት። ይህ ወደ 50 ግራም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከዚህ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከግማሹ በታች እንዲሆን ነው የሚመክረው። እዚህ አካባቢ ቡናን በጨው መጠጣት ጥንትም ያለ ነው፤ ደም ግፊት ካለ እሱም አይሆንም፣ ባዶውን መልመድ ነው። የሚከብደው ግን ምላስ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ልቅሶ ቤት ወይም ጎረቤት ተቀምጦ «ያለ ስኳር አድርጉልኝ» ማለት። አንድ የመቱ መምህር «ዶክተር፣ መርፌ መወጋቱ አላሳፈረኝም፣ ይህን ማለት ነው ያሳፈረኝ» ብለውኛል። ባለቤታቸው መፍትሔ አገኙ፦ የስኳር ዕቃውን ከረከቦቱ አነሱና ለየብቻው አቀረቡት፣ የሚፈልግ ጠይቆ ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ ማንም ማብራሪያ መስጠት አላስፈለገውም።

ገንዘብ። ስለዚህ ነገር ሐኪሞች ማውራት አንወድም። የኢሉባቦር ቤተሰብ ገንዘብ የሚያየው ቡና በሚሸጥበት ሰሞን ነው፣ ከኅዳር ወዲህ። ኢንሱሊን ግን ክረምት ከበጋ አያውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆንና ኪስ ሲደርቅ፣ መድኃኒት አቋርጠው የሚመጡልኝ ይበዛሉ። አንዳንዱ አያቋርጥም፣ ግን «እንዲበረክትልኝ» ብሎ መጠኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ሳይነግረኝ ነው ታዲያ። እኔ ደግሞ ስኳሩ ሲወጣ አይቼ መጠን እጨምርለታለሁ! እባካችሁ፣ ያነሰ ነገር ካለ ንገሩን፣ አንቆጣም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ክፍያ ዓመታዊ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ያለበት ቤት፣ በአካባቢው ምዝገባ በተከፈተበት ጊዜ ሌላ ነገር ከመግዛቱ በፊት እሱን ይክፈል፤ ቡናው ቀድሞ ከተሸጠ ብሩ ለዚያ ይቀመጥ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከመንግሥት ፋርማሲ መደርደሪያ ይጠፋል፣ አውቃለሁ፣ ያኔ መድህኑ ብቻውን አያድንም። ቢሆንም ካለመኖሩ መኖሩ ይሻላል።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አይደለም፣ አገራችን ራሷ ናት ለዚህ ምስክር። በጎንደር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በገጠሩ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ብዙዎቹ ወጣት፣ ቀጭን፣ ድሃ የገጠር ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት አለ ወይ የሚለው ጥያቄ እንደገና ይከፈት ብለው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ይህንን ዓይነት «ታይፕ 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። ስለዚህ ቀጭን ነኝ፣ ገበሬ ነኝ፣ እኔን አይነካኝም አይባልም።

ከጎንደርና ከጎረቤታችን ከጅማ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ስኳር፣ የሚጥል በሽታና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ለአንድ ቀጠሮ ቀናት ተጉዘው ከተማ ከሚመጡ፣ ክትትሉን ወደየአካባቢው ጤና ጣቢያ አውርዶ ለሠለጠኑ ነርሶች መስጠት ይቻላል ብለው የጀመሩት በእነዚህ ሁለት ሆስፒታሎች ዙሪያ ነው። ጥበቡ ቀላል ነው፦ ጤና ጣቢያው ሲቀርብ የሚመጣው ሰው ይለወጣል። ከተማ ድረስ ከሆነ አባት ብቻውን ይመጣል፣ ትራንስፖርት የሚችለው ለአንድ ሰው ነዋ። በእግር የሚደረስ ከሆነ ግን እናትም፣ ያቺ የምትወጋውም ልጅ ትመጣለች።

ስለ መደበቅ ልናገርና ወደ ልጆቹ ልመለስ። ሴት ልጅ ስኳር ሲይዛት ብዙ ቤተሰብ ይደብቃል። «ነገ ማን ያገባታል?» ነው ነገሩ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን የተደበቀች ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስኳሯ ሲወርድ መምህሩ ሰነፈች፣ ወይም ጋኔን ያዛት፣ ወይም የሚጥል በሽታ ነው ይላል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት የሚችል ሰው አጠገቧ እያለ ትወድቃለች። ቢያንስ መምህሯና አብራት የምትቀመጠው ልጅ ይወቁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻላት ይደገምላት፣ ሲሻላት ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይጨመር፣ ይታነቃታል፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ነው። ደግሞ በደንብ የተያዘ ስኳር ያላት ሴት ታገባለች፣ ትወልዳለች። እርግዝናው አስቀድሞ ታቅዶና በክትትል ይሁን እንጂ።

ጸበል የምትወስዱ፣ ጸሎት ቤት የምታስጸልዩ፣ ዱዓ የምታስደርጉ፣ እኔ ከእምነታችሁ ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ኢንሱሊኑን ይዛችሁ ሂዱ ነው የምለው። ታይፕ 1 ያለበት ልጅ መርፌ ካቆመ በቀናት ውስጥ ነው የሚወድቀው። እስከ 1922 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ እስኪሰጥ፣ ይህ በሽታ በሀብታም አገርም የሞት ፍርድ ነበር። አግኝዎቹ የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲያቸው በአንድ በአንድ ዶላር ነው የሸጡት። መቶ ዓመት አልፎ እዚህ ያለች ልጅ እሱን አቋርጣ ስትሞት ማየት ይከብዳል። ጾምም እንደዚያው ነው፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፣ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሸኽዎን ጠይቁ፣ ከዚያ እኛ ጋ ኑና መድኃኒቱን እናስተካክል።

ወደ ሁለቱ እህትማማቾች ልመለስ። በሁለተኛው ጊዜ ስትወጣ ሁሉንም አስገባሁ። አባት፣ እናት፣ እህት፣ ትንሿ ራሷ፣ ነርሷም አስተርጓሚ ሆና። ወንበር አልበቃም፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በአማርኛ «ስኳር በሽታ» ስል የነበረውን ነርሷ «ዲቤ ሱካራ» እያለች ከሥር ከሥሩ ስታስረዳ፣ አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቁ። ሦስት ጥያቄ! ያን ቀን «ገብቶኛል» ያሉኝ ለአክብሮት ነበር። ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኩ። ልጆች እንዳይነኩት ብለው ከምድጃው በላይ ጣሪያው ሥር ነበር የሚሰኩት፣ ሙቀቱና ጭሱ ላይ። አሁን በሁለት ሸክላ ድስት፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ፣ መሀሉ እርጥብ አሸዋ ሆኖ፣ ቤቱ ጥላ ባለበት ጥግ ይቀመጣል። የተከፈተው ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በላይ አይቆይም።

ልጅ ካልበላች ምን ይደረግ የሚለውን ረጅም ጊዜ ወሰድንበት። መርፌው ጭራሽ ይቅር አይባልም፣ ሙሉውም አይሰጥም፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ፣ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሮጥ በሥዕል ጭምር ጻፍንላቸው። እናትየው ብርቱካን ላይ ውሃ በሲሪንጅ ስትወጋ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሿ ልጅ ስቃባት «ብርቱካኑ እኮ አያመውም» አለቻት።

ትልቋ እስከ መጨረሻው አልተናገረችም። ሊወጡ ሲሉ ለነርሷ በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረቻት። ስምንተኛን ካለፈች ለዘጠነኛ ክፍል ከተማ ዘመድ ቤት ልትገባ ነው፣ «እኔ ስሄድ ማን ይወጋታል?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ ለሁለት ዓመት ብቻዋን ይዛው ልትኖር ነበር ማለት ነው፣ ያን በር ባንከፍት። አባትየው እናትየዋን አዩ፣ እናትየው ብርቱካኑን። «አንድ ጊዜ ልድገም» አለችና እንደገና ሲሪንጁን አነሳች።